ሳይቃጠል በቅጠል፦ ሰደድ እሳትንና የተቃጠለ ግጦሽን ከሳተላይት ስለ መመልከት

(በአዋሽ ሸለቆ ለተሰማሩ የእርዳታና የማቋቋሚያ ሠራተኞች የተዘጋጀ ንግግር)




ድርቅ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ዝናብ መጥፋት፣ ስለ ውኃ ጕድጓድ መንጠፍና ስለ እህል እጥረት ነው። ስለ እሳት የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በዝናቡ ወራት በቅሎ ለበጋው ስንቅ ይሆናል ተብሎ የተጠበቀው ሣር በአንድ ከሰዓት በኋላ ነዶ ሲያልቅ፣ ሰማዩ የቱንም ያህል ቢያዘንብ ኖሮ ለከብቱ ያው ድርቅ ነው። ለገበሬ ሀብቱ በጎተራ ያከማቸው እህል እንደሆነ ሁሉ፣ ለአርብቶ አደርም ጎተራው በሜዳ ላይ ቆሞ የሚታየው ደረቅ ሣር ነው። ልዩነቱ የገበሬው ጎተራ መክደኛ ያለው ሲሆን የአርብቶ አደሩ ግን ለነፋስም ለእሳትም የተጋለጠ መሆኑ ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ ሰው ሠራሽ ሳተላይቶች ሰደድ እሳትንና የተቃጠለ መሬትን እንዴት እንደሚመለከቱ፣ የሚሰጡት መረጃ እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን፣ በተለይም ይህ መረጃ በድርቅና በሰፈራ ሥራ ላይ እንዴት ሊጠቅም ወይም ሊያሳስት እንደሚችል ማስረዳት ነው።

ስለ አካባቢው

አዋሽ አርባ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽ ሰባት በኩል ወደ ሚሌ፣ ወደ ሰመራና ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የአፋር ከተማ ናት። በደቡብ ምዕራብ በኩል በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመውና 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል፤ በዚያው አቅጣጫ የፈንታሌ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ደግሞ የአላይደጌ ሰፊ የሣር ሜዳ ተዘርግቷል። ይህ ሜዳ ሳላና የግሬቪ የሜዳ አህያ የሚሰማሩበት የዱር አራዊት መጠበቂያ ከመሆኑም በላይ፣ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው የሚመላለሱበት የግጦሽ መሬት ነው።

የአፋር ሕዝብ ዓመቱን የሚከፍለው በዝናቡ ነው። ዋናው ዝናብ ካርማ ሲሆን ከሐምሌ እስከ መስከረም ይዘንባል፤ ትንሹ ዝናብ ሱጉም በመጋቢትና በሚያዝያ ይጠበቃል። በእነዚህ መካከል ጊላል የተባለው ቀዝቃዛ ደረቅ ወቅት አለ፤ ከሱጉም በኋላም ሐጋይ የተባለው የሐሩር ወቅት ይመጣል። በካርማ የበቀለው ሣር ከጥቅምት ጀምሮ ይደርቃል። ከዚያ ወዲያ እስከሚቀጥለው ዝናብ ድረስ አንድ የእሳት ፍንጣሪ ብዙ ሺህ ሄክታር ሊያጠፋ ይችላል። ከተሽከርካሪ የተጣለ የሲጋራ ቍራጭ፣ በቅጡ ያልዳፈነ የከሰል ማክሰያ፣ ማር ለመቍረጥ የተለኰሰ ጭራሮ፣ መዥገርን ለማጥፋትና አሮጌውን ሣር ለማደስ ታስቦ የተለቀቀ እሳት፣ ሁሉም መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ።

እሳት ከሰማይ እንዴት ይታያል?

ማንኛውም የጋለ ነገር ጨረር ይለቃል። የሰው ዓይን የሚያየው የዚህን ጨረር ጥቂት ክፍል ብቻ ሲሆን፣ የቀረው አብዛኛው ኢንፍራሬድ እየተባለ የሚጠራ፣ ለዓይን የማይታይ የሙቀት ጨረር ነው። የአፋር ምድር ገጽ በሐጋይ ቀትር ከ50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይግላል፤ የሣር እሳት ነበልባል ግን ከ500 ዲግሪ በላይ ነው። ፀሐይ ያጋለው ምድር ጨረሩን አብዝቶ የሚለቀው 10 ማይክሮ ሜትር ገደማ በሆነ የሞገድ ርዝመት ነው። የነበልባል ጨረር ግን በ4 ማይክሮ ሜትር አካባቢ እጅግ ያይላል። ስለዚህ ሳተላይቱ አንዱን ቦታ በሁለቱም ሞገዶች ለክቶ ያነጻጽራል፤ በአጭሩ ሞገድ የተገኘው ሙቀት በዙሪያው ካለው ምድር እጅግ በልጦ ከተገኘ፣ በዚያ ቦታ እሳት አለ ተብሎ ይመዘገባል። ጨረሩ እጅግ ኃይለኛ በመሆኑ፣ የሚነደው ቦታ ከሚለካው ምድር አንድ መቶኛ እንኳ ሳይሞላ ሊታወቅ ይችላል።

ለዚህ ሥራ የተሠራው ሞዲስ የተባለው መሣሪያ የተጫነው እ.ኤ.አ. በ1999 በተመጠቀችው ቴራና በ2002 በተመጠቀችው አኳ በተባሉ የአሜሪካ ሳተላይቶች ላይ ነው። የሞዲስ አንዱ የእሳት መለኪያ ነጥብ 1 ኪሎ ሜትር በ1 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 100 ሄክታር የሚሸፍን ነው። ቀጥሎ የመጣው ቪርስ የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በ2017 እና በ2022 በተመጠቁ ሦስት ሳተላይቶች ላይ የተጫነ ሲሆን፣ የመለኪያ ነጥቡ 375 ሜትር፣ ይኸውም 14 ሄክታር ያህል ነው። መረጃው ሳተላይቱ ባለፈ በ3 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ያለ ክፍያ ለማንኛውም ፈላጊ ይቀርባል።

እነዚህ ሳተላይቶች ግን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ የሚቆሙ አይደሉም። ከዋልታ ወደ ዋልታ እየዞሩ በአንድ አገር ላይ የሚያልፉት በተወሰነ ሰዓት ነው። ቪርስን የተሸከሙት በአፋር ላይ የሚያልፉት ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩልና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ተነሥቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ የጠፋ የሣር እሳት በመዝገባቸው ላይ ጨርሶ ላይገኝ ይችላል። በ36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ቆመው አፍሪካን ዘወትር የሚመለከቱት የአውሮፓ ሜቴዎሳት ሳተላይቶች በበኩላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ከመጠቀው ሁለተኛ ትውልድ ጀምሮ በየ15 ደቂቃው ምስል ይልካሉ። ዳሩ ግን የዚህ ትውልድ አንዱ የመለኪያ ነጥብ ቢያንስ 3 ኪሎ ሜትር በ3 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ትናንሽ እሳቶችን አያይም። ፈጥኖ የሚያየው በጉልህ አያይም፤ በጉልህ የሚያየው ደግሞ ቶሎ አይመለስም። የሳተላይት መረጃ ተጠቃሚ ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው ይህንን ነው።

የተቃጠለ መሬት እንዴት ይለካል?

እሳቱን ማየትና የተቃጠለውን መሬት መለካት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ለምሳሌ ያህል 5 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 4 ኪሎ ሜትር ወርድ ያለው ግጦሽ ቢቃጠል፣ የጠፋው 2,000 ሄክታር ነው። ሳተላይቱ ባለፈበት ደቂቃ ይነድ የነበረው ግን አንድ ቀጭን የእሳት መስመር ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ በካርታው ላይ የሚታዩት ሦስት ወይም አራት ነጥቦች ይሆናሉ። እንዲሁም አንድ ነጥብ ታየ ማለት 100 ሄክታር ነደደ ማለት አይደለም። ነጥብ ቈጥሮ ስፋትን መገመት ትልቅ ስሕተት ላይ ይጥላል።

ስፋቱ የሚለካው እሳቱ ከጠፋ በኋላ በሚቀረው ጠባሳ ነው። ሕያው ሣርና ቅጠል ለዓይን የማይታየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን አብዝቶ ያንጸባርቃል፤ ከሰልና አመድ ግን ያንኑ ብርሃን ይውጣል። በአንጻሩ ከዚያ ረዘም ባለው የኢንፍራሬድ ሞገድ እርጥበቱን ያጣው የተቃጠለ መሬት ከቀድሞው ይልቅ ደምቆ ይታያል። ከእሳቱ በፊትና በኋላ የተነሡትን ሁለት ምስሎች በእነዚህ ሞገዶች በማነጻጸር የተቃጠለው መሬት ወሰን ይሠመራል።

እ.ኤ.አ. በ1972 የመጀመሪያው ላንድሳት ሲመጥቅ የምስሉ ነጥብ 80 ሜትር ያህል ነበር። ከ1982 ወዲህ በተመጠቁት 30 ሜትር ደረሰ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የተመጠቁት የአውሮፓ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ደግሞ ከ10 እስከ 20 ሜትር በሚደርስ ነጥብ፣ ሁለት ሆነው ተባብረው በየ5 ቀኑ አንድን ቦታ እንደገና ያያሉ። ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የምድር መመልከቻ ሳተላይት ከቻይና አስመጥቃ፣ 13.75 ሜትር ነጥብ ያለው ምስል በእንጦጦ ጣቢያ ስትቀበል ቆይታለች።

የነጥቡ ማነስ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ከአንድ ጥናት መረዳት ይቻላል። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 የተቃጠለው መሬት በሴንቲኔል-2 ምስል ሲለካ 4.9 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም በሞዲስ ከተለካው በ80 በመቶ ያህል የበለጠ ነው። ልዩነቱን ያመጡት በትልቁ ነጥብ ውስጥ ተውጠው ሳይታዩ የኖሩት ትናንሽ እሳቶች ናቸው። ለአንድ የአፋር ቤተሰብ ግን ትንሽ የተባለው ያ እሳት የዓመቱን ግጦሽ የሚጨርስ ሊሆን ይችላል።

የሚያሳስቱ ምልክቶች

የአዋሽ ሸለቆና የአፋር ዝቅተኛ ቦታ ለሳተላይት ፈታኝ ነው። አንደኛ፣ የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት የቀለጠ ድንጋይ ሐይቅ የታየበት ኤርታ አሌ በእሳት ካርታዎች ላይ እንደ ሰደድ እሳት ሆኖ ሲመዘገብ ኖሯል። ካርታውን ብቻ ያየ ሰው በዚያ ሣር በሌለበት ምድር በየሌሊቱ ግጦሽ የሚነድ ሊመስለው ይችላል።

ሁለተኛ፣ በፈንታሌ ዙሪያ ከጥንት ጀምሮ ፈስሶ የቀረው ጥቁር ድንጋይ ከተቃጠለ መሬት ጋር ይመሳሰላል። ከመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅም ባለፉት አሥርት ዓመታት እየሰፋ ሜዳውን ስለሸፈነ፣ ውኃው ከሰማይ እንደ ጥቁር ጠባሳ ሊታይ ይችላል። ሦስተኛ፣ በመተሐራ ሸንኮራ አገዳ ከመቈረጡ በፊት ቅጠሉን ለማስወገድ በዕቅድ ይቃጠላል። ይህም እሳት ነው፤ ነገር ግን አደጋ አይደለም። አራተኛ፣ የከሰል ማክሰያ በአፈር ተሸፍኖ ቀስ እያለ የሚጤስ ስለሆነ፣ ቍጥሩ የቱንም ያህል ቢበዛ ሳተላይቱ አይለየውም።

ከዚህ የተነሣ ካርታው የሚተረጐመው ምድሩን በሚያውቅ ሰው ነው። አገሩን የማያውቅ ባለሙያ የኤርታ አሌን ሐይቅ እንደ ሰደድ እሳት፣ የፈንታሌን ድንጋይ እንደ ተቃጠለ ግጦሽ ቢቈጥር ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም።

በአገራችን የደረሱ እሳቶች

በአገራችን ታላላቅ የደን እሳቶች ከድርቅ ዓመታት ጋር ተያይዘው ታይተዋል። በ1976 ዓ.ም. ድርቁ በበረታበት ወቅት በባሌና በሌሎች ቦታዎች ሰፊ ደን ተቃጥሏል። በ1992 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ድረስ በባሌና በቦረና የተነሣው እሳት ከ100,000 ሄክታር በላይ የሚሆን መሬት አጥፍቷል። በዚያን ጊዜ ገበሬዎች፣ ወታደሮችና ተማሪዎች በሺህ እየተቈጠሩ ዘምተዋል፤ ከጀርመን፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካም ባለሙያዎች መጥተው ረድተዋል። የእሳቱን መስፋፋት የአሜሪካ የሜትዎሮሎጂ ሳተላይቶች በሚልኩት ምስል ለመከታተል ተሞክሯል። የቴራ ሞዲስ ለመጀመሪያ ጊዜ ምድርን ያየው በዚያው በየካቲት ወር ቢሆንም፣ መረጃውን ዕለት በዕለት የሚያደርስ ሥርዓት ግን ገና አልተዘረጋም ነበር። በመስከረም 1993 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የምክክር ጉባኤ የእሳት አስተዳደር ከሕዝብ ተሳትፎ ጋር መያያዝ እንዳለበት ተመክሯል።

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ደግሞ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሣሩና የአስታው ዛፍ በተከታታይ ተቃጠለ። የአካባቢው ሕዝብ ቅጠል እየቈረጠና አፈር እየበተነ ከእሳቱ ጋር ታግሏል፤ በኋላም ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተዋል። በሁለቱም ጊዜ ትምህርቱ አንድ ነው። እሳቱ ሲታይ ትንሽ ነበር፤ እርዳታው ሲደርስ ግን ትልቅ ሆኖ ነበር።

እሳት የሌለበት ካርታ

የደጋ ደንና የቈላ ሣር በድርቅ ጊዜ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። በደጋው ደን የሚነድ ነገር ምንጊዜም አለ፤ የሚጠብቀው እርጥበቱ ነው። ስለዚህ ድርቅ ሲመጣ እሳት ይበዛል። በአፋር ቈላ ግን ድርቀት ዘወትር አለ፤ የሚጐድለው የሚነደው ሣር ነው። ካርማ ጥሩ በሆነበት ዓመት ሣሩ ይበዛል፤ በሚከተለው ጊላልም እሳቱ ይበረታል። ካርማ በቀረበት ዓመት የሚነድ ሣር ስለማይኖር የእሳት ነጥቦች ከካርታው ላይ ይጠፋሉ።

በመሆኑም በአፋር የእሳት ነጥብ መጥፋት የደኅንነት ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። እንዲያውም የግጦሽ መጥፋት የመጀመሪያ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ካርታ ሲደርስ የአረንጓዴ ሽፋንን ከሚያሳየው የሳተላይት ካርታ ጋር አጣምሮ ማየት ይገባል። የአረንጓዴ ሽፋን መለኪያ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ለድርቅ ማስጠንቀቂያ ያገለገለ ነው። ሁለቱ ካርታዎች አብረው ከቀነሱ፣ ሪፖርት የሚጠበቅበት ጊዜ አልፎ የመኖ፣ የውኃና የእህል ዝግጅት የሚደረግበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።

ከአንድ ጥሩ ዓመት ቀጥሎ የሚመጣው ድርቅም ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጥሩው ዓመት የቆመው ሣር ለክፉው ዓመት መሻገሪያ ነው። በእሳት ከጠፋ፣ ድርቁ የሚጀምረው ዝናቡ ከመቅረቱ በፊት ነው።

የተቃጠለ መሬት ባዶ መሬት አይደለም

አሁን ከሁሉ ይልቅ ሊተኰርበት ወደሚገባው ጉዳይ እንደርሳለን። ከሳተላይት የተነሣ ምስል መሬቱን እንጂ የመሬቱን ባለቤት አያሳይም። የተቃጠለ ግጦሽ በምስል ላይ ሰው የሌለበት ጥቁር ምድር ሆኖ ይታያል። መንጋው ሄዷል፤ ጎጆው ተነቅሎ በግመል ተጭኗል። ይህንን ያየ የሰፈራ ጥናት አድራጊ መሬቱን ነፃ ነው ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ነገር ግን የሚቀጥለው ዝናብ ሲዘንብ ሣሩ ይበቅላል፤ ሕዝቡም ይመለሳል። በዚያ መካከል ሌላ ሕዝብ ሰፍሮ ከተገኘ፣ አንዱን ችግረኛ ለማዳን የተነሣው ሥራ ሁለት ችግረኛ ፈጥሮ ያልፋል።

ይህ በግምት የሚነገር ሥጋት አይደለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ ተወስዷል። ቦታዎቹ የተመረጡት በጥድፊያ ነበር። በመተከል ሰው የሌለበት ጠፍ መሬት ተብሎ የታሰበው፣ የጉሙዝ ሕዝብ እያቃጠለ የሚያርሰው፣ ከዚያም ለጥቂት ዓመታት አሳርፎ የሚመለስበት መሬት ነበር። በሰፋሪውና በነባሩ ሕዝብ መካከል የተፈጠረው ቅራኔ ብዙ ዋጋ አስከፍሏል። ያ አካባቢ ዛሬም በሳተላይት ሲታይ ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ በየዓመቱ በእሳት ነጥብ የሚሸፈን ነው። ይህ እሳት አብዛኛውን ጊዜ የመሬት አያያዝ ሥርዓት ምልክት እንጂ የመሬት ባለቤት አለመኖር ምልክት አይደለም።

በአዋሽ ሸለቆም የሚታወስ ታሪክ አለ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በወንዙ ዳር የተከፈቱት ሰፋፊ የመስኖ እርሻዎች የአፋርን የበጋ ግጦሽ ወሰዱ። ሕዝቡ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ሲመታ የሚጠጋበት የወንዝ ዳር ሣር አጣ፤ ከብቱም ሰውም አለቀ። የእርሻውን ካርታ ያዘጋጁት ሰዎች በበጋው ማን በዚያ እንደሚያድር ቢጠይቁ ኖሮ መልሱን በቀላሉ ያገኙት ነበር።

እሳትን ፈጽሞ መከልከልም መፍትሔ እንዳልሆነ የቦረና ታሪክ ያስረዳል። ከ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ግጦሽን በእሳት ማጽዳት በመከልከሉ፣ ቍጥቋጦ እየሰፋ ሣሩን አጥብቦታል። በአፋርም ፕሮሶፒስ የተባለው ባዕድ እሾኻማ ዛፍ፣ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለጥላና ለነፋስ መከላከያ ተብሎ በመካከለኛው አዋሽ እርሻዎች ከተተከለ ወዲህ፣ ፍሬውን በበሉ ከብቶች ፋንድያ እየተዛመተ በሳተላይት ጥናት ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሸፈኑ ታውቋል። ዛፉ ቢቃጠልም ቢቈረጥም ከግንዱ ሥር እንደገና ያቈጠቍጣል። ይህም በሳተላይት ምስል ላይ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚታይ፣ ለማያውቅ ሰው ጥሩ ግጦሽ ይመስላል። ጥቁሩ ሁሉ ጥፋት እንዳልሆነ፣ አረንጓዴውም ሁሉ ልማት አይደለም።

መረጃው ለማን ይድረስ?

የወሎው ረሀብ በደረሰበት ዘመን የመጀመሪያው ላንድሳት በሰማይ ላይ ይዞር ነበር። ሆኖም ረሀቡ ተደብቆ ቆየ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመውም ከዚያ መከራ በኋላ ነው። ማየት ብቻውን ሕይወት አያድንም። የታየው ነገር ሊሠራበት ለሚችለው ሰው በጊዜው ሲደርስ ነው የሚያድነው።

በቅርቡ የታየውም ይኸው ነው። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ምድር ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ የራዳር ሳተላይቶች የምድሩን ገጽ መንቀሳቀስ ለክተው አሳይተዋል፤ በአሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብም ከቦታው ተነሥቶ በጊዜያዊ መጠለያ ሰፍሯል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ሲደርስ ሳተላይቶች ተከታትለውታል። የአውሮፕላን አብራሪዎች ማስጠንቀቂያውን ወዲያው አገኙ። አመዱ ግጦሹን ለሸፈነበት የአፍዴራ አርብቶ አደር ግን የሚያስፈልገው ሌላ ነበር፤ ያልተነካው ሣር በየት በኩል እንዳለ የሚነግረው ሰው።

ለዚህ የአፋር ሕዝብ የራሱ ሥርዓት አለው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ተቀምጠው ዳጉ ይባባላሉ፤ ያዩትን፣ የሰሙትን፣ የዘነበበትን፣ ሣር ያለበትንና የሌለበትን አንድ በአንድ ይነጋገራሉ። ዳጉ ሐሰት የማይነገርበት ስለሆነ ወሬው ሳይዛነፍ ረጅም መንገድ ይሄዳል። እንዲሁም መንጋ ከመንቀሳቀሱ በፊት ኢዶ የሚባሉ ቃኚዎች ተልከው ግጦሹን አይተው ይመለሳሉ። ሳተላይት ለእነዚህ ተጨማሪ ዓይን ሊሆን ይገባዋል እንጂ ምትካቸው ሊሆን አይችልም። ቃኚው የሁለት ቀን መንገድ ሄዶ የተቃጠለ ሜዳ አግኝቶ ከሚመለስ፣ ቀድሞ ቢነገረው ድካሙ ይቀርለታል፤ ከጎረቤት ሕዝብ ጋር በግጦሽ የሚነሣውም ግጭት ሊቀንስ ይችላል። ቃኚው ደግሞ በበኩሉ ሳተላይቱ ያላየውን፣ ማለትም ሣሩ ይበላ እንደሆነ፣ ውኃው ይጠጣ እንደሆነ፣ በዚያ ማን እንደ ሰፈረ ለካርታ ሠሪው ይነግረዋል።

ሊደረግ የሚገባው

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት፣ በወረዳና በክልል ለሚሠሩ የእርዳታና የማቋቋሚያ ሠራተኞች የሚከተሉት ተግባራት ይጠቁማሉ።

አንደኛ፣ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ በየዕለቱ የሚወጣውን የእሳት ነጥብ የሚመለከት አንድ ኃላፊ በየወረዳው ይመደብ። ነጥብ ሲታይ፣ በአካባቢው ላለ የቀበሌ ሹም ወይም የጎሳ መሪ በስልክ ተጠይቆ ይረጋገጥ፤ የተረጋገጠውም በአፋርኛ ለሕዝቡ ይነገር።

ሁለተኛ፣ ዘወትር የሚታዩ የኤርታ አሌ፣ የአገዳ እርሻና የመሳሰሉት ነጥቦች አስቀድመው በዝርዝር ተመዝግበው ይቀመጡ። ሐሰተኛ ጩኸት የተደጋገመበት ሰው እውነተኛው ሲመጣ አይነሣም።

ሦስተኛ፣ በእያንዳንዱ የበጋ ወር መጨረሻ የተቃጠለው ግጦሽ ስፋት ከሴንቲኔል ወይም ከላንድሳት ምስል ተለክቶ በመኖና በውኃ እርዳታ ዕቅድ ውስጥ ይግባ። የዝናብ መጠን ብቻ የታየበት ዕቅድ፣ ዝናብ ዘንቦለት ሣሩ የነደደበትን ቀበሌ ይረሳዋል።

አራተኛ፣ ለሰፈራም ሆነ ለእርሻ የታሰበ መሬት በአንድ ወር ምስል ብቻ አይመረጥ። ቢያንስ የአሥር ዓመት ምስሎች፣ በካርማም በጊላልም የተነሡት፣ ተደርድረው ይታዩ፤ ከዚያም መሬቱን የሚጠቀምበት ሕዝብ በቦታው ተገኝቶ ይጠየቅ። የሕዝቡ ቃል ሳይሰማ ምስሉ ብቻውን እንደ ማስረጃ አይያዝ።

አምስተኛ፣ ሣሩ ከመድረቁ በፊት በአውራ ጎዳናው ዳርና በዋና ዋና የግጦሽ ክልሎች መካከል የእሳት መከላከያ መስመር ይጠረግ። በየቀበሌው ያሉ ወጣቶችም በጎሳ ሽማግሌዎቻቸው አማካይነት ይደራጁ። እሳቱን የሚያጠፋው በመጨረሻ የሰው ክንድ ነውና።

ክቡራን ተሰብሳቢዎች፤

አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ብለዋል። አባባሉ የተነገረው ለምክር ቢሆንም፣ በአዋሽ ሸለቆ ግን ቃል በቃል የሚሠራ ነው። የሣር እሳት በመጀመሪያው ሰዓት ቅጠል በያዙ ጥቂት ሰዎች ይጠፋል፤ ካመለጠ ግን ሄሊኮፕተርም አይበቃውም። ሳተላይቱ ሊያደርግ የሚችለው ያንን የመጀመሪያ ሰዓት ማሳወቅ ነው፤ ካልሆነለትም የደረሰውን ጥፋት ሳይሸሽግ ለክቶ ማሳየት ነው። ቅጠሉን ቈርጦ የሚሮጠው፣ በጠባሳው ላይም ማን ይኖር እንደ ነበረ ጠይቆ የሚመዘግበው ግን በምድር ያለው ሰው ነው። በአዋሽ አርባ መንገድ የሚያልፍ የእርዳታ ሠራተኛ በስተ ቀኙ ጥቁር ሜዳ ሲያይ፣ ይህ የማን ግጦሽ ነበር፣ ባለቤቱስ አሁን የት ደረሰ ብሎ ቢጠይቅ፣ ሥራው ከዚያ ይጀምራል።